ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ መኪና

ከድር ሸራውን ሲገፈው ከመልኳ ቀድሞ ሽታዋ ደረሰኝ፤ የዛገ ብረት፣ ውሃ የጠጣ ቆዳ፣ የከረመ ቤንዚን፣ መሃል ላይ ደግሞ የአይጥ ነገር። ሌላ ሴት ብትሆን አፍንጫዋን ይዛ ወደ ኋላ ትል ነበር፤ እኔ ግን ጭራሽ ጠጋ ብዬ፣ ጎንበስ ብዬ፣ በረጅሙ ሳብኩት። ከድር ምን ብሎ እንዳየኝ እንጃ፤ ስልሳ ዓመት ያለፋት ጡረተኛ አስተማሪ ነጠላዋን አጣፍታ የሞተ መኪና ስታሸት ማየት ለደላላም ቢሆን አዲስ ነገር ሳይሆንበት አልቀረም።

ከድር የአብነት ሰፈር ደላላ ነው። ቤት ያከራያል፣ ሠራተኛ ያስቀጥራል፣ መኪና ያሻሽጣል፣ ትዳር ለፈለገም «አንድ ጥሩ ልጅ አለች» ማለቱ አይቀርም። አንድ ቀን ለወሬ ያህል፣ አባቴ ባትላሜራ እንደነበረና በልጅነቴ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣራዋ የሚታጠፍ፣ ቀይ የጣሊያን መኪና ሲሠራ አብሬው እንደነበርኩ ነግሬው ኖሯል። ደላላ መቼ ይረሳል! ባለፈው ማክሰኞ ደወለና «እትዬ ስንዱ፣ መኪናዎ ተገኘች» አለኝ፣ የጠፋብኝ ይመስል። ባለቤቷ ጌታነህ አርጅቶ ሞቷል፤ ልጆቹ ከአብነት ጀርባ ያለውን ግቢ ለግንባታ ሊያስረክቡ ነው፤ ውስጡ ያለው ሁሉ እስከ ቅዳሜ መውጣት አለበት፤ ገዢ ካልተገኘ ብረት ቆራጮች ቆራርጠዋት በኪሎ ትሸጣለች። ዋጋዋን ሲነግረኝ ሳቄ መጣ፤ ከፍሪጄ ትረክሳለች። «ወላሂ እትዬ፣ ለእርስዎ ስል ነው እንጂ ፈላጊዋ ብዙ ነው» አለኝ። ደላላ «ለእርስዎ ስል» ሲል እጄ ወዲያው ቦርሳዬን ይጨብጣል፤ የመርካቶ ልጅ ነኛ፣ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር እንደሚቆረጥ ሳልሰማ አላደግሁም።

ግን ሄድኩ። እውነቱን ልናገር፣ የቸገረኝ መኪና አልነበረም፤ ጠዋት ተነስቼ የምሄድበት ነው ያጣሁት። ባለቤቴ ካረፈ አምስት ዓመቱ ነው። ልጄ ድሬዳዋ ነው የሚሠራው፤ እሁድ እሁድ ይደውላል፣ «እማዬ ደህና ነሽ?» ይላል፣ «ደህና ነኝ» እላለሁ፣ አለቀ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል፤ ይህን የተረተ ሰው እኔን ቢያገኘኝ አንድ ሁለት እንባባል ነበር፤ ወድጄ ብቻዬን የምበላ ይመስል! ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሂሳብ ሳስተምር ስድሳ ልጅ በአንዴ ያደምጠኝ ነበር። ዛሬ አፌን ሳልከፍት የምውልበት ቀን አለ፤ አንዳንዴ ድምፄ መኖሩን ለማረጋገጥ ያህል ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። እና ይህችን ዝገት ገዝቼ፣ በየጠዋቱ ሶማሌ ተራ እየሄድኩ፣ ከባትላሜራዎቹ ጋር እየተጨቃጨቅሁ፣ «እዚህ ጋ ጎርብጧል፣ እዚያ ጋ አልቀናም» እያልኩ ላሠራት አሰብኩ። እብደት ነው? ይሁና።

አባቴ ተካ ይባላል። ሶማሌ ተራ ውስጥ ባትላሜራው ጋሼ ተካ ሲባል የማያውቀው አልነበረም። ከደጀን በወጣትነቱ መጥቶ፣ ከአንድ ሽማግሌ ጣሊያን ሥር ሙያውን ለቅሞ፣ የተጨማደደ ላሜራ ከኋላው ብረት ደግፎ፣ ከፊቱ በትንሽ መዶሻ ጠቅ ጠቅ እያደረገ፣ ከፋብሪካ እንደወጣ አድርጎ የሚመልስ ሰው ነበር። በሕይወቱ ከጠላቸው ነገሮች አንደኛው ስቱኮ ነው። የጎደጎደውን ብረት ማቅናቱ ለሰለቸው ባትላሜራ ስቱኮ መድኃኒቱ ነው፤ እንደ ሊጥ አቡክቶ ይለጥፍበታል፣ ይፍቀዋል፣ ይቀባዋል፣ ባለቤቱም አብረቅርቆለት ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ሁለት ክረምት ሳይሞላ ይነሳል። አባቴ እንዲህ ያለውን ሥራ ባየ ቁጥር «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይልና ፊቱን ያዞራል። ይህን ሁሉ የሚለው ሰው ቤት ደግሞ የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ነበር፤ የገዛ በራችን ቆርቆሮ ከታች ዝጎ ተበልቶ ድመት በሥሩ ትመላለስበታለች፣ እናቴም መጥረጊያዋን ይዛ «የሀገሩን መኪና ታቀናለህ፣ ይቺን አንድ በር አቃተችህ!» ትለዋለች። ይስቃል፤ ነገ ይላል፤ በሩም እንደዚያው ቀረ።

ሰባት ልጆች ነበርን፣ እኔ የመጀመሪያዋ፤ ከአባትና ከእናት ጋር ዘጠኝ ሰው በሁለት ክፍል። በኛ ቤት አባት እንደ ዳቦ ለሰባት የሚቆረስ ነገር ነው፤ ከሥራ ሲገባ አንዱ አንገቱ ላይ፣ አንዱ እግሩ ላይ፣ አንዷ ኪሱ ውስጥ ናት፣ እኔ ደግሞ ትልቅ ስለሆንኩ ውሃ አቀርብለታለሁ፣ እግሩን አጥባለሁ፣ ከዚያ ድርሻዬ አለቀ። እስከ አሥራ አንድ ዓመቴ ድረስ አባቴን ለብቻዬ አግኝቼው አላውቅም። ይህንንም እንደ ጉድለት የቆጠርኩት በኋላ ነው፤ ያኔ ሰው ሁሉ እንደዚያ የሚኖር ይመስለኝ ነበር።

ስድስተኛን ጨርሼ ክረምቱ ሲገባ ያቺ መኪና በገመድ እየተጎተተች ሶማሌ ተራ መጣች። ጌታነህ ያኔ ጎፈሬውን አበጥሮ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ በአባቱ ብር የሚንደላቀቅ ጎረምሳ ነው። ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ከቆመ የጭነት መኪና ኋላ ገብቶ ኮፈኗን እንደ ወረቀት አጨማዶታል፣ የግራ ጎማዋን የሚሸፍነው ፓራፋንጎ ጎማው ላይ ተጣብቋል፤ እሱ ግን አንዲት ጭረት የለችበትም፣ መነጽሩም ከነጤንነቱ ነው። ሰፈሩ ሥራውን ጥሎ ከበባት። ከሁሉም የገረማቸው ወንበሯ ነው። አንድ ኩንታል ተሸካሚ ጭነቱን ትከሻው ላይ እንዳለ ቆም ብሎ አያትና «ይህን ሁሉ ገንዘብ ከፍሎ ሦስተኛ ሰው የማይጭንበት ምን በድሎት ነው?» አለ፤ ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ ጌታነህም አብሮ ሳቀ።

በማግስቱ አባቴ «ስንዱ ከእኔ ጋር ትውላለች» አለ። እናቴ ጮኸች፤ ሴት ልጅ ጋራዥ ውስጥ ምን ትሠራለች፣ በዚያ ላይ ወገቧን እያመማት ድር ተራ ያለውን የፈትል መደብሯን የሚያግዛት ሰው ያስፈልጋታል። አባቴ «ሻይ ታቀብለኛለች» አለና ወጣን። ሻይ ያቀበልኩት ግን አንድ ሁለት ቀን ቢሆን ነው። ሥራዬ ሌላ ነበር። መዶሻውን ያስቀምጥና በጣቱ አንጓ ላሜራውን ኳ ያደርገዋል፣ ወደ እኔም ዞሮ «ስንዱዬ፣ ምን ይላል?» ይለኛል። ባትላሜራ ዓይኑን ብቻ ካመነ ይሳሳታል፤ ቦታው የተመለሰ ብረት ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ያልተመለሰው ድፍን ይላል። እኔ ይህን በሙያ ቋንቋ አላውቀውም፤ «ያኮርፋል» እለዋለሁ፣ ይደግምበታል፤ «አሁንም ያኮርፋል»፣ ይደግምበታል፤ በመጨረሻ «ሳቀ!» ስለው ግንባሬን ይስመኝና ወደሚቀጥለው ጉድጓድ እንሄዳለን። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ የቀለሙ ሽታ ራሴን እያዞረኝ፣ እጄ በግራሶ ተጨማልቆ፣ ያን ክረምት በደስታ ልሞት ነበር። ከሰባት ልጅ መሃል እኔን መረጠኝ ብዬ ወንድሞቼ ላይ የኮራሁት ኩራት ዛሬም ያሳፍረኛል።

አንድ ነገር ብቻ ያብከነክነኝ ነበር። እናቴ ለጎረቤት «መስከረም ሲጠባ ስንዱን መደብር አስቀምጣታለሁ፤ ስድስተኛ ለሴት ልጅ በቂ ነው፣ ደብዳቤ ታነባለች፣ ሂሳብ ታውቃለች» ስትል ሰምቻለሁ። እኔን የጠየቀኝ የለም። ለአክስቴ አለቀስኩላት፤ «እስቲ እናያለን» አለችኝ። ለአባቴ ልንገረው ብል ቤት ውስጥ ሰው አይጠፋም፣ ጋራዥ ውስጥ ደግሞ መዶሻው ፋታ አይሰጥም።

መኪናዋ ጳጉሜ ላይ ተሠርታ አለቀች። አንድ ፀሐይ የወጣበት ጠዋት አባቴ ጣራዋን አጥፎ፣ ሞተሩን አስነስቶ፣ ጌታነህ ሳይረከባት በፊት ሊሞክራት ተነሳ። ወንድሞቼና እህቶቼ ይህን ሊያዩ ጋራዡ በር ላይ ተሰልፈዋል፤ ሁሉም እኔ እኔ ይላል። አባቴ በጣቱ ጠራኝ። በሕይወቴ እንደዚያች ወንበር የሞቀኝ ወንበር የለም፤ አንድ ወንበር ለአባባ፣ አንድ ወንበር ለእኔ፣ ሌላ ሰው ቢፈልግም የሚገባበት ቦታ የላትም። ከሶማሌ ተራ ወጥተን በአብነት ዞረን ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ስናቀና መርካቶን ከነሰማይዋ አየኋት፤ የበርበሬው፣ የቅቤው፣ የአዲስ ጎማው ሽታ በየተራ ፊቴን ይመታኛል፤ ተሸካሚዎች «ጋሼ ተካ፣ ሞላልህ!» እያሉ ያሳልፉናል። ሞተሯ ደግሞ ትጮሃለች፣ ጆሮ አታስደምጥም። እኔም አሁን ካልተናገርኩ መቼ ብዬ አፌን ከፈትኩት። «አባባ፣ ትምህርቴን አታስቀሩኝ፤ መደብር ከገባሁ አልወጣም፤ ሂሳብ ከክፍሉ አንደኛ ነኝ፣ መምህሩ ራሱ ብሎኛል፤ እማዬን ከትምህርት ስመለስ አግዛታለሁ፤ አታስቀሩኝ» እያልኩ፣ እያለቀስኩም ይመስለኛል፣ እስከ ድልድዩ ድረስ አወራሁ። አባቴ ቶሎ ቶሎ ወደ እኔ ይዞራል፤ አንዴማ ፊቱን ወደ እኔ እንዳደረገ ጨው የጫነች አህያ ልንገጭ ለጥቂት አመለጥን፤ «አባባ፣ ወደ ፊት ይዩ!» ብዬ ጮህኩ። ጋራዥ ደርሰን ሞተሩን ሲያጠፋ መልሱን ጠበቅሁ። «መሪው ትንሽ ወደ ግራ ይጎትታል» አለና ወረደ።

መስከረም ሲጠባ ግን አባቴ አዲስ ኮቱን ለብሶ፣ እጄን ይዞ፣ ሰባተኛ ክፍል ራሱ አስመዘገበኝ። እናቴ ሁለት ሳምንት አኮረፈችው። እኔ የአክስቴ ምልጃ ነው ብዬ ስሟን ስባርክ ኖርኩ። ጌታነህ በመኪናዋ አንድ ዓመት ያህል ተንፈላሰሰባት፤ ከዚያ ዘመኑ ተገላበጠ፣ በቀይ የሽርሽር መኪና መታየት ራስን ማስጠቆም ሆነ፣ እሱም አብነት ጓሮው አስገብቶ ሸራ አለበሳት። ቀሪውን አርባ ምናምን ዓመት እዚያው ቆማ አሳለፈችው።

አባቴ አለመስማቱን ያወቅነው እኔ አስተማሪ ሆኜ ከተቀጠርኩ በኋላ ነው። ያኔ መደበቅ አቅቶት ነበር፤ እየጮህን ነው የምናናግረው። አንድ ቀን አብሮት ይሠራ የነበረ ሰው ሊጠይቀው መጥቶ ለእኔ ሹክ አለኝ፤ ጋሼ ተካ ጆሮው የደከመው ያኔ ቀይዋ መኪና ከመምጣቷ በፊት ነው፣ ዕድሜ ልክ ብረት የቀጠቀጠ ጆሮ ምን ይሆናል፣ ቢታወቅበት ሥራ የሚሰጠው ስለማይኖር ነው አንቺን ይዞሽ የመጣው። ለካ እኔ ምርጥ ልጁ አልነበርኩም፤ ጆሮ ነበርኩ! ወይ ጉድ! በዚያ ክረምት ስኮራ የኖርኩት ሴትዮ ምን ላድርግ? ከዚያም የባሰው መጣብኝ፤ ያቺ ጠዋት። በዚያ የሞተር ጩኸት ውስጥ የለመንኩትን አንዲቷንም ቃል አልሰማም ማለት ነው። በዕድሜዬ ለሰው ሆዴን እንደዚያ ገልብጬ የተናገርኩበት ጊዜ የለም፤ ለባሌም ቢሆን። አባቴን አልወቀስኩትም፣ ቀበርኩት፣ አለቀስኩለት፤ ይህን ግን ለማንም ሳልናገር ይዤው ቆየሁ።

እንግዲህ ከድር ሸራውን የገፈፈላት መኪና ይህች ናት። ግራ ፓራፋንጎዋን በጣቴ አንጓ ኳ አደረግሁት፤ ሳቀ። ቀለሙ ረግፎ፣ ዝገቱ እንደ እከክ ወጥቶበት፣ አባቴ ያቀናው ብረት ዛሬም ቦታው ላይ ነው። የቀረውን ስመለከት ግን ልቤ ወረደ። በሩን ከፍቼ እግሬን ባስገባ ወለሉ ተሰንጥቆ ጫማዬ ሣሩን ነካ፤ ከበሩ ሥር ያለው ብረት በጣቴ ስነካው እንደ ቆሎ ይረግፋል፤ ከታች የሚሸከማት አካሏ ራሱ አልቋል። የባትላሜራ ልጅ ነኝ፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋኝም፤ ወለል የሌላት መኪና መጠገን አዲስ መሥራት ነው። ቢሆንም ከልቤ አልወጣ አለችኝ። የድሮ ቦታዬ ላይ ገብቼ ቁጭ አልኩ።

«እትዬ፣ እዚያ ማን ይቀመጣል? ገዢ እኮ ነዎት፣ በመሪው በኩል ይሁኑ እንጂ!» አለ ከድር። ዞርኩ፤ እሱም በእኔ ቦታ ገባ። የዚህን ጊዜ ከግቢው ወዲያ ጥግ ብረት ቆራጮቹ መቁረጫቸውን አስነሱ፣ የሆነ አሮጌ ታንከር እየበጣጠሱ ነው፤ ጩኸቱ ጥርስ ያፋጫል። ከድር ማውራቱን አላቆመም። አንዲት ቃል አይሰማኝም፤ ግን ምን እንዳለኝ ሁሉ ገባኝ። «ጎማውን ብቻ ቢሸጡት ዋጋዋን ይመልሳል» አለኝ፤ ሊብሬው አለ አለኝ፤ ነገ ከሰዓት ሌላ ሰው ሊያያት ይመጣል አለኝ፣ ይህቺኛዋን ሲዋሽ ነው። ወንበሮቹ ትከሻ ለትከሻ ናቸው፤ ዞር ካልኩ ፊቱ ከፊቴ አንድ ስንዝር አይርቅም፣ ዓይኔን አፉ ላይ ተክዬ ከንፈሩ ሲላወስ እያየሁ ነበር። እና እዚያው ክው አልኩ።

አባቴ ወደ እኔ ሲዞር የነበረው እንዲህ ነው። እኔ ደስ ብሎት የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር፤ አፌን ነበር የሚያየው። መንገዱን ትቶ፣ የሰው መኪና ይዞ፣ አህያ እስኪገጭ ድረስ፣ የምለውን ከከንፈሬ ሲለቅም ነበር። መማል አልችልም፤ ሁለቱም የሉም፣ አክስቴም አባቴም፤ ማንን እጠይቃለሁ? ግን መስከረም ላይ አዲስ ኮቱን የለበሰው ማን ነው? ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ አልሰማኝም ብዬ ያዘንኩት በእሱ ነው፤ ለካ እንደሱ አድርጎ የሰማኝ ማንም አልነበረም። መሪውን ይዤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

መቁረጫው ሲቆም ከድር ደንግጦ ያየኛል። «እሺ በቃ፣ እሺ እትዬ፣ አያልቅሱ፣ ላስቀንስልዎ» አለኝ። በእንባዬ መሃል ሳቄ አመለጠኝ።

«አልገዛትም ከድር» አልኩት።

«ኧረ እትዬ! በነቢ! ምን አጠፋሁ?»

ምንም አላጠፋም። ወለሉ ይሠራል፤ ገንዘብና ሁለት ዓመት ካለ የማይሠራ ነገር የለም፣ እንዲያውም የምፈልገው እሱኑ ነበር። ግን አልቃ፣ ተቀብታ፣ ጣራዋ ታጥፎ ስትወጣ ታየችኝ። እኔ መሪውን እይዛለሁ፤ ከዚያስ? የባለቤቴ ነገር አብቅቷል። ልጄ በዓመት አንዴ ቢመጣ ስልኩን እያየ ይቀመጥባታል። አንድ ወንበር ባዶ ይዤ መርካቶን ልዞር ነው፤ ባዶ ቤት አይበቃኝም ወይ! ከድር «እንግዲያው ትቆረጥ?» አለ። «ትቆረጥ» አልኩት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔው ራሴ ደነገጥኩ፤ መልሼ ግን አልዋጥኩትም። ስወጣ ፓራፋንጎዋን አልነካሁም፣ ዞሬም አላየኋት።

አብነት ላይ ታክሲ ያዝኩ። ረዳቱ እንደ ልማዱ ሦስት ሰው በሚቀመጥበት አራት አድርጎ አጠጋጋን፤ አጠገቤ አንዲት ወጣት ነበረች፣ ትከሻዋ ትከሻዬ ላይ። ጆሮዋ ውስጥ ማዳመጫ ከታለች፣ ዓይኗ ስልኳ ላይ ነው። ዛሬ የማውቀው ሰው ሁሉ ጆሮው ደህና ነው፤ ልጄም፣ ጎረቤቶቼም፣ የጡረታ መሥሪያ ቤቷ ልጅም ሳይዞሩ ይሰሙኛል፣ ሳይዞሩም ይመልሱልኛል። እኔን ለመስማት መንገድ የሚስት ሰው ግን አንድ ነበር፤ እሱንም ዛሬ ገና አገኘሁት፣ ይህን የምነግረው ሰው ሳይኖረኝ። ደረቴ ውስጥ አልቀመጥ አለኝ። «አባቴ እኮ ሰምቶኝ ነበር» አልኩ፣ ድምፄን አውጥቼ።

ልጅቷ አንዱን ማዳመጫ ነቀለች። ዓይኗ ከስልኳ አልተነሳም። «ምን አሉኝ እማማ?»

ከንፈሬን ታይ እንደሆነ ትንሽ ጠበቅኳት፤ ቀና አላለችም።

«ምንም የኔ ልጅ» አልኳት። «ወራጅ አለ በይልኝ።»

መውረጃዬ ገና ነበር።